አዳማ ላይ ቤት ስትገዙ ሁለተኛውን ገዢ አስቡ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

አዳማ ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ደላላውን አስቀድሞ የሚጠይቀው የካሬውን ዋጋና ከአስፋልት ያለውን ርቀት ነው። ቀጥሎ ሴራሚኩንና የጂፕሰም ኮርኒሱን አይቶ ቀብድ ይከፍላል። በቤት ግምትና በግንባታ ቁጥጥር ሥራ ላይ ያለን ባለሙያዎች እንደምናየው ግን፣ ያው ሰው ነገ ቤቱን ለመሸጥ ሲወጣ ዋጋ የሚጥሉበት ነገሮች ያን ቀን ሳያያቸው ያለፋቸው ናቸው። ሁለተኛው ገዢ የባንክ ብድር ይዞ ከመጣ ደግሞ የባንኩ ገማች ቀለም አይቶ አይመለስም።

ከሁሉ በፊት የውሃውን መንገድ እዩ። ከተማችን በኮረብታዎች የተከበበች ጎድጓዳ ቦታ ላይ ስለሆነች፣ ሐምሌና ነሐሴ ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ወደ ሰፈሮች ይገባል። በበጋ ቤት የሚያይ ሰው ይህ አይታየውም። ዝናብ በጣለ ማግስት መሄድ ካልተቻለ የጎረቤቶችን አጥር ሥሩን ተመልከቱ፤ የደለል መስመር ወይም ከታች ብቻ የተላጠ ልስን ጎርፉ እስከ የት እንደደረሰ ይናገራል። ከዚያም ቦዩን ተከትላችሁ ሽቅብ ውጡ፤ ከላይ ሰፊ ሆኖ መጥቶ ከግቢው አጠገብ የሚጠብ ወይም በቆሻሻ የተደፈነ ከሆነ ውሃው የሚገነፍለው እዚያው ነው። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ሌላው ነገር የመንገዱ ከፍታ ነው። ኮብልስቶን ወይም አስፋልት ሲነጠፍ መንገዱ ከፍ ይልና ግቢው ታች ይቀራል። የቤቱ ወለል ካለቀለት መንገድ ቢያንስ 50 ሴንቲ ሜትር ከፍ እንዲል እንመክራለን፤ መንገዱ ገና ያልተነጠፈ ከሆነ ሌላ 30 ሴንቲ ሜትር ጨምሩበት።

አፈሩም የዚሁ ጉዳይ አካል ነው። አዳማ ላይ በብዙ ቦታ የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ አመድ የመጣ ልል አፈር ሲደርቅ ጠንካራ ይመስላል፣ ውሃ ሲገባው ግን ይሰጥማል። ስለዚህ ሴፕቲክ ታንኩ፣ የሮቶው ትርፍ ውሃና የጣሪያው አሸንዳ ከመሠረቱ ሥር የሚፈሱ ከሆነ አደጋ አለው። ልስን ላይ ያለ ቀጭን ስንጥቅ አያስጨንቅም፤ ኮለን (ቋሚው የኮንክሪት ምሰሶ) እና ብሎኬት በሚገናኙበት ላይ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ቀጭን መስመርም የተለመደ ነው። ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ፣ ስፋቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ያለፈ ስንጥቅ ካያችሁ ግን መሠረቱ በአንድ ወገን እየሰጠመ ሊሆን ስለሚችል መሐንዲስ ሳታሳዩ አትፈራረሙ። ከቤቱ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

«ጂ+2 ይወጣበታል» የሚባል ቤት ላይ ተጨማሪ ገንዘብ የምትከፍሉ ከሆነ የስትራክቸር ፕላኑን አስመጡ። ፕላኑ ለኮለኑ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ፌሮ እያለ ከሶሌታው (ከኮንክሪት ጣሪያው) በላይ ቀርቶ የሚታየው ባለ 12 ከሆነ ያ ቤት ፎቅ አይሸከምም። ፌሮው ለዓመታት ዝናብና ፀሐይ ላይ ቆይቶ ዝገቱ በቅርፊት የሚነሣ ከሆነም ሌላ ሥራ ይጠብቃችኋል። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ንዝረቱ እዚህም ተሰምቷል፤ በስምጥ ሸለቆ ከተማ ውስጥ ኮለንና ቢም (አግዳሚ የኮንክሪት ተሸካሚ) የሌለው ብሎኬት ላይ ፎቅ መጫን ፈጽሞ የማይገባ ነገር ነው።

ወረቀቱ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የመንደር ውል ተዋውሎ ገንዘብ መክፈል አሁንም አልቀረም። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ፊርማ፣ ካልሆነ ያላገባ ማስረጃ ይቅረብ። በውክልና ላይ ውክልና እየተሰጠ ስም ሳይዛወር ከእጅ ወደ እጅ የሄደ ቤት በጣም ያሰጋናል፤ የመጀመሪያው ወካይ ሲሞት ውክልናው ይቀራል፣ ወራሾች ይመጣሉ፣ እናንተም መሸጥ ያቅታችኋል። የእዳና እገዳ ማጣሪያውንም ሻጩ በእጁ የሚያሳያችሁን ሳይሆን እናንተው ያስወጣችሁትን እመኑ።

ካርታው በእጃችሁ ሲገባ ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ለኩ። ካርታው 200 ካሬ ብሎ አጥሩ 235 ካሬ ከከለለ፣ ሻጩ የ235 ሒሳብ ቢጠይቃችሁም ባንክ የሚገምተው 200ውን ነው፤ 35ቱ ነገ በመንገድ ማስፋት ወይም በኮሪደር ልማት ሊወሰድ ይችላል። ሰርቪስ ቤቶቹ የቆሙት በዚያ ትርፍ ላይ ከሆነ የምትተማመኑበት ኪራይም አብሮ ይሄዳል። ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ነው ወይስ ሊዝ (ለተወሰነ ዓመት ከመንግሥት በክፍያ የተያዘ) የሚለውን ሳታጣሩ ዋጋ አትቁረጡ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ይዞታው ወደ ሊዝ እንደሚገባ ደንግጓል። ሊዝ ከሆነ ደግሞ ከ99ኙ ዓመት ስንቱ እንደቀረና ያልተከፈለው የሊዝ ገንዘብ ስንት እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽላችሁ፤ ቀሪው ዕዳ ከመግዣው ዋጋ ላይ ካልተቀነሰ እናንተ ትከፍሉታላችሁ።

ስለ መጠጥ ውሃ አንድ ነገር ብቻ እንበል። የከተማው መስመርና ቆጣሪ ከሌለ፣ ግቢው በጉድጓድ ውሃ የሚኖር ከሆነ፣ ፍሎራይዱን አስመርምሩ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ በላይ ስለሆኑ የልጆችን ጥርስ ያበልዛሉ።

የከተማው አስተዳደር የጎርፍ መውረጃዎቹንና ለመንገድ የተከለሉ መስመሮችን የሚያሳይ ካርታ በየክፍለ ከተማው መሬት ጽሕፈት ቤት ለሕዝብ ክፍት ቢያደርግ፣ ስም ሲዛወርም ግቢው ከእነዚህ መስመሮች የሚነካ መሆኑ በሰነዱ ላይ ቢጻፍ፣ ገዢው ከመክፈሉ በፊት ያውቅ ነበር። ጋዜጣችሁ ይህን ጥያቄ ለሚመለከታቸው እንዲያደርስልን እንጠይቃለን።

በቤት ግምትና በግንባታ ቁጥጥር ላይ የተሰማራን ባለሙያዎች
አዳማ