ስለ ገዛሁት መኪና፦ ለአባቴ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

አዲስ ሳለ ከ100,000 ዶላር በላይ የተሸጠ መርሴዲስ ኤስ ክላስ በአራት ዓመቱ በግማሽ ዋጋ ገደማ እንደሚገኝ በስልክ ስነግርዎ፣ «ወይ ተገልብጧል፣ ወይ የተሰረቀ ነው» ብለው መስጋትዎ አይገርምም። አዲስ አበባ ላይ መኪና ንብረት ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና በሚያስመጣ ሰው ላይ ታክሱን ስላከበደ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለና የብርም ዋጋ ስለወረደ፣ የእርስዎ ኮሮላ ዛሬ ከገዙበት በብዙ እጥፍ ይሸጣል። እዚህ ቨርጂኒያ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

አዲስ መኪና በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከዋጋው አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ ትልልቆቹ የቅንጦት መኪኖች ደግሞ በአምስት ዓመት ውስጥ ከግማሽ በላይ መውረዳቸው የተለመደ ነው። ምክንያቱ የግድ ብልሽት አይደለም። ብዙዎቹ የሚያዙት በሊዝ፣ ማለትም ለሦስት ዓመት ያህል በየወሩ እየተከፈለባቸው ስለሆነ፣ ውሉ ሲያልቅ ተከታትለው ገበያውን ያጥለቀልቁታል፤ አቅም ያለው ገዢ ደግሞ ዓይኑ አዲሱ ላይ ነው። የመርሴዲስ የፋብሪካ ዋስትናም 4 ዓመት ወይም 50,000 ማይል፣ ቀድሞ የሞላው፣ ሲደርስ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲያ ወጪው የባለቤቱ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ይኸው ነው፤ የመኪናው ዋጋ በግማሽ ሲወርድ የመለዋወጫውና የመካኒኩ ዋጋ አብሮ አይወርድም። በ50,000 ዶላር ቢገዛም የሚጠገነው እንደ 100,000 ዶላር መኪና ነው። አስቀድሜ ያየሁትን አንድ ቆየት ያለ የጀርመን መኪና፣ ሻጩን አስፈቅጄ ጋራዥ ወሰድሁት። መካኒኩ በሊፍት አንሥቶ በባትሪ ሲያበራልኝ፣ በሞላ ፈንታ መኪናውን የሚሸከመው በአየር የተሞላ የጎማ ከረጢት እጥፋቱ ላይ ተሰነጣጥቋል። አየሩ ሲያመልጥ መኪናው ቆሞ ሲያድር በዚያ በኩል ይጎብጣል፤ አየር የሚሞላው ፓምፕም ያለ ዕረፍት እየሠራ ይቃጠላል። ላዩ ግን እንደ መስታወት ያበራ ነበር።

ስለዚህ የ2021 ሞዴል ሌክሰስ ኢኤስ 350 ገዛሁ። 3.5 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተሩ በቶዮታ ካምሪም ይገጠም የነበረ በመሆኑ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል፤ ሞላውም የብረት ነው። ሌክሰስ ዋጋው ቶሎ ስለማይወርድ የኤስ ክላስን ያህል ቅናሽ አላገኘሁም፤ ነገር ግን ነገ ስሸጠው የማጣውም ያንኑ ያህል ያነሰ ነው፤ ለእኔ ይህ ከትልቅ ቅናሽ ይሻላል። በዚህ ግዛት የመኪና የንብረት ግብር በየዓመቱ የሚሰላው በወቅቱ የገበያ ዋጋ ስለሆነ፣ ዋጋው እየወረደ ሲሄድ ግብሩም ይቀልልኛል።

«ከጥቂት ዓመት በኋላ ወደዚህ ላኪው» ያሉኝን አስቤበታለሁ። ይህ የቤንዚን መኪና ነው፤ ክልከላው እስካለ ድረስ አይገባም። ስለዚህ እዚሁ እስኪያረጅ እነዳዋለሁ። ኮሮላዎንም ደላላ አማላይ ዋጋ ቢጠራልዎ እንዳይሸጡት እለምንዎታለሁ፤ በዚያ ገንዘብ የሚተካው አያገኙም።

ልጅዎ