የእምባቦ ጦርነት የሁለት ነገሥታት ጠብ ብቻ አልነበረም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ እምባቦ ጦርነት በቅርቡ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ውጊያውን የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የክብር ፉክክር አድርጎ ሲተርከው ዋናውን ነገር ዘልሎታል እላለሁ።

በግንቦት 1874 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱ ሠራዊቶች የተጋጠሙት በጎጃም ወይም በሸዋ ምድር ሳይሆን ከዓባይ ማዶ፣ ሆሮ ጉድሩ ላይ ነው። በደቡብ ምዕራብ ካሉት ከእናርያና ከከፋ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ በጉድሩ አሰንዳቦ አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማይርቀው በባሶ ገበያ ይራገፍ ነበር። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድና ቡና ወደዚህ ሲመጣ አሞሌ ጨው ወደዚያ ይሄዳል (ባሪያም ይሸጥ እንደ ነበር መናገር ቢያሳፍርም መደበቁ ይብሳል)። ያንን መንገድ የያዘ ቀረጡንም፣ ግብሩንም፣ የጠመንጃ መግዣውንም ያዘ ማለት ነው፤ የጎጃሙ ራስ ደረሶና የሸዋው ራስ ጎበና ዳጬም ከዋናው ውጊያ አስቀድሞ የተፋጠጡት በዚሁ ግብር ነው።

ዐፄ ዮሐንስ 4ኛም ከዚህ ውጭ አልነበሩም። ራስ አዳልን በጥር 1873 ዓ.ም. ተክለ ሃይማኖት ብለው ሲያነግሡ የሰጧቸው ማዕረግ «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» ሲሆን፣ ከፋ ደግሞ ምኒልክም ዐይናቸውን የጣሉበት አገር ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሳያውቁ አደረጉት ለማለት ይከብደኛል። ከውጊያው በኋላም ሁለቱንም ቀጡ፦ ከአሸናፊው ከምኒልክ ወሎን፣ ቆስለው ከተማረኩት ከተክለ ሃይማኖት አገው ምድርን ወሰዱ። ከዓባይ በስተደቡብ ያለው የጊቤ ወንዝ አገር ግን ለሸዋ ቀረ፤ የለቃ ነቀምቱ ሞሮዳ በከሬም ብዙ ሳይቆዩ ለምኒልክ ገበሩ።

እኛ ጎጃሞች ይህን ታሪክ ስናወሳ በንጉሣችን መማረክ እንቆጫለን፤ እኔም ከልጅነቴ የሰማሁት ይህንኑ ቁጭት ነው። ነገር ግን ሁለቱም ወገኖች የተዋጉት በሌላ ሰው እርሻ ላይ ነበር፤ ያ ባለ እርሻ ደግሞ በጽሑፋችሁ ውስጥ አንድ መስመር እንኳ አላገኘም። ስለ እምባቦ ዳግመኛ የምትጽፉ ከሆነ፣ ዘጋቢያችሁ ደብረ ማርቆስ ላይ ሳይቆም ዓባይን ተሻግሮ የሆሮ ጉድሩ ሽማግሌዎችንም እንዲጠይቅልን በአክብሮት አሳስባለሁ።

አንባቢያችሁ፣
ከደብረ ማርቆስ