ለሳምቡሳሽ የቱን ዘይት ትግዢ?

ልጄ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ደብረ ማርቆስ ብርዱ ብሶበታል። እናትሽ ጠዋት ጠዋት ጋቢዋን ሳትደርብ ከቤት አትወጣም።

የላክሽውን ፎቶ አየነው። መደርደሪያው ከላይ እስከ ታች ዘይት ነው። "አባዬ፣ ልሸጠው ላሰብኩት ሳምቡሳና ድንች ጥብስ የቱን ልግዛ?" ብለሻል። መመለስ የነበረባት እናትሽ ናት። 12 ዓመት ሳምቡሳ የጠበሰችው እሷ፣ የበላሁት እኔ። ግን መጻፍ አትወድም። ስለዚህ እኔ እጽፋለሁ፣ እሷ ከኋላዬ ቆማ ታርመኛለች።

መጀመሪያ የሆነውን ልንገርሽ። አንቺ ያኔ ሁለት ዓመትሽ ነበር። እናትሽ ሥራውን ልትጀምር ስትል አያትሽ ከገጠር ኑግ ላኩልን። ወስደን አስጨመቅነው። ፋጉሎውን ለላም ባለቤቶች ሸጥን፣ ዘይቱን በጀሪካን ተሸክመን ገባን። ምን የመሰለ ዘይት! ሽታው ብቻውን እንጀራ ያስበላል። ቀኑ ረቡዕ ነው፣ ሳምቡሳ የሚፈለግበት ቀን። የመጀመሪያው ዙር ደህና ወጣ። ሁለተኛው ላይ ጭሱ ዓይናችንን አቃጠለው። ሦስተኛው ላይ አረፋው ገንፍሎ ከሰሉ ላይ ፈሰሰ፣ እሳቱም ቦግ ብሎ መጥበሻውን ያዘው። እኔ የኬሚስትሪ መምህሩ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ውሃ የሞላ ጆግ አነሳሁ። እናትሽ በክርኗ ገፍታኝ የቆርቆሮውን አክንባሎ ከደነችበት። እሳቱ ድርግም አለ። ውሃውን ብደፋው ኖሮ የሚነደው ዘይት ተፈናጥሮ ፊታችን ላይ ነበር የሚያርፈው። ለተማሪ ሳስተምረው የኖርኩትን ነገር! እስከ ዛሬ ትስቅብኛለች። አንቺም ስትጠብሺ መክደኛ ከአጠገብሽ አይጥፋ።

ኑጉን አልወቅስም። ከመጭመቂያ በቀጥታ የመጣ ዘይት ውስጥ ትንሽ ውሃ አለ፣ የፍሬው ብናኝም አለ። ውሃው አረፋ ያስነሳል፣ ብናኙ ያርራል። ለሽሮ ወደር የለውም፣ ብዙ ሰዓት እሳት ላይ ለሚቆይ መጥበሻ ግን አይሆንም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የተጣራ ዘይት ፈልጊ።

ለመጥበስ የሚፈለገው ሙቀት ከ170 እስከ 190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ከዚያ በላይ ካልሞቀ የማያጨስ ዘይት ያስፈልግሻል። የተጣራ የሱፍ ዘይት እስከ 225 ገደማ ይታገሳል። የተጣራ ፓልምም እንደዚያው። ቴርሞሜትር ፍለጋ አትዙሪ። ቁራጭ ሊጥ ጣል አድርጊ። ታች ተኝቶ ከቀረ ዘይቱ አልሞቀም፣ ሳምቡሳሽ ዘይት ይጠጣል። ቶሎ ብቅ ብሎ ዙሪያውን ከተንጣጣ ደርሷል። ገና ሲገባ ከጠቆረ እሳቱን ቀንሺ።

አሁን እኔና እናትሽ ወደተጣላንበት ልምጣ። እሷ "የሚረጋውን ትግዛ" ትላለች። ፓልሙን ማለቷ ነው። ምክንያት አላት። ዋጋው ይቀላል፣ እሳትም ይችላል። ግማሽ ያህሉ የሚረጋ ስብ ስለሆነ በሙቀት ቶሎ አይበላሽም። "ስንት ዓመት ጠበስኩበት፣ ማን ሞተ?" አለችኝ። ማንም አልሞተም። ነገር ግን እሳት የሚያስችለው ያው ስብ ነው ኮሌስትሮል የሚጨምረው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከምናገኘው ካሎሪ ውስጥ ከዚህ ዓይነቱ ስብ የሚመጣው ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ይመክራል። የእኔን የደም ምርመራ ውጤት ታውቂዋለሽ። ሳምቡሳው ላይ ብቻ አላላክክም፣ ጥሬ ሥጋውም አለበት። ደግሞ ታስታውሺ እንደሆን፣ ጠዋት ጀሪካኑን ፀሐይ ላይ ካላቆየነው ዘይቱ አልወርድ ይለን ነበር። የቀዘቀዘ ሳምቡሳም ላንቃ ላይ ይለጠፋል።

እኔ የተጣራ የሱፍ ዘይት ግዢ እላለሁ። ግን ጉዱን ልደብቅሽ አልችልም፤ ሱፍ ቶሎ ያረጃል። እንደ ኑግ ሁሉ ደብል ቦንድ፣ ማለትም በካርቦን አተሞች መካከል ያለ ድርብ ማያያዣ፣ የበዛበት ነው፣ ኦክስጅን ደግሞ እዚያ ላይ ነው የሚያጠቃው። ሠዓሊዎች ቀለማቸውን በተልባ ዘይት የሚለውሱት ለምን ይመስልሻል? አየር ሲያገኘው ስለሚደርቅ ነው። መጥበሻሽ ጠርዝ ላይ ተጣብቆ አልለቅ የሚልሽ ቢጫ ሙጫም የዚያ ዘመድ ነው።

ስለዚህ ሱፍ ከገዛሽ መድፋት መቻል አለብሽ። በዛሬ የዘይት ዋጋ "ድፊው" ስልሽ ሆድሽ እንደሚባባ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ሰፊ መጥበሻ አትግዢ የምልሽ። ጠበብና ጠለቅ ያለ ብረት ድስት ይሁን፣ ትንሽ ዘይት ይበቃዋል። ድንቹን አጥበሽ በንጹሕ ፎጣ አድርቂው። ጨው ድንቹ ከዘይቱ ከወጣ በኋላ እንጂ በፊት አትነስንሺ። ማታ ዘይቱ ሲበርድ በነጠላ ቁራጭ አጥልዪና ከድነሽ ጨለማ ቦታ አስቀምጪው። መልኩ የጠቆረ ሻይ ከመሰለ፣ ከጭልፋው ላይ እንደ ማር ከተዝለገለገ፣ ወይ ሳይሞቅ ማጨስ ከጀመረ አበቃለት። ባረጀው ላይ አዲስ እየጨመርሽ ልታኖሪው አትሞክሪ። አሮጌው አዲሱንም ይዞት ይሄዳል። ቱቦ ውስጥ ግን አትድፊው፣ እየተጣበቀ ይደፍንና ከአከራይሽ ጋር ትጣያለሽ።

የወይራ ዘይትም ፎቶው ላይ አይቻለሁ። ጥሩ ዘይት ነው፣ ግን በወይራ የጠበስሽውን ሳምቡሳ ስንት ብለሽ ልትሸጪ ነው? "ኮሌስትሮል የለውም" የሚል ጽሑፍ አይተሽም ገንዘብ አትጨምሪ። የእህል ዘይት ዱሮም ይህ ነው የሚባል ኮሌስትሮል የለውም። "ሃይድሮጂኔትድ" (ሃይድሮጅን ተጨምሮበት እንዲረጋ የተደረገ) የሚል ካየሽ ተይው። ባለሱቁ በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የዋለውንም አትውሰጂ፣ ብርሃን ዘይት ያበላሻል። ከውስጥ አውጣልኝ በይው።

እናትሽ "ፓልም ነው የሚያዋጣት ብለህ ጻፍ" እያለች ነው። ይኸው ጽፌያለሁ።

ቅዳሜ በሚወጣው አውቶቡስ ሁለት ሊትር የኑግ ዘይት ልከንልሻል። ለሽሮሽ ነው፣ የምትጠብሺበት ድስት ውስጥ እንዳትጨምሪው። ከጀሪካኑ ጋር በፌስታል የታሰረው አክንባሎው ነው። ጫፉ ትንሽ ተጣሟል፣ ግን ይከድናል።

አባትሽ