ዓባይ በረሃን ለምትሻገሪው ልጄ

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። መኪና ይዘሽ ጎጃም ልትሻገሪ መሆኑን ከነገርሽኝ ቀን ጀምሮ ልቤ ከአንቺ ጋር መንገድ ገብቷል። በልጅነትሽ ሁለት ጊዜ አልፈሽበታል፤ ሁለቱንም ጊዜ ግን ጭኔ ላይ እንቅልፍ ወስዶሽ ዓባይን ሳታዪው ተሻገርሽ፤ ሳልቀሰቅስሽ መቅረቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አሁን የምለምንሽ በረሃውን በቀን ብርሃን፣ ሳትቸኩዪ እንድትወርጂው ነው። የመንገዱን ሰላም አስቀድመሽ አጣሪና ማልደሽ ተነሺ።

እንጦጦን አልፈሽ፣ የሱሉልታን ሜዳ አቋርጠሽ፣ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል እንደነዳሽ ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚያስገባውን መገንጠያ ታገኛለሽ። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመሠረቱትን ገዳም ሳትሳለሚ እንዳታልፊ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ ገዳሙ እጁ አለበት ተብሎ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ መነኮሳቱና ምእመናኑ በጭነት መኪና እየተጋዙ ለጋ ወልዴ በተባለው ስፍራ ተረሽነዋል። እዚያ ቆመሽ ጥቂት ዝም በይ። ከገዳሙ በታች በገደሉ የሚወርደው ውኃ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ስለሚገባ፣ ከዚህ ጀምሮ የዓባይ አገር ውስጥ ነሽ።

ጎሐ ጽዮንን እንዳለፍሽ ቁልቁለቱ ይጀምራል፤ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ከላይ ጀምረሽ በከባድ ማርሽ ያዢው እንጂ በፍሬን ብቻ አትውረጂ። በወጣትነቴ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ እዚሁ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑ ሸራ ግሎ መሽተት ሲጀምር ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ፤ ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ጎማው ሥር ድንጋይ ታኮ አደረገ፤ ጎማው እስኪበርድ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ተቀመጥን። ያ የመቃጠል ሽታ አሁንም አፍንጫዬ ላይ አለ። መሬቱም ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው ይሰነጠቃል፣ ይሰምጣል፤ ትናንት ደህና የነበረው ቦታ ዛሬም ደህና ነው ብለሽ አትመኚ።

ሰፋ ያለ ቦታ ስታገኚ ግን ቁሚና ማዶውን ገደል ከላይ ወደ ታች እዪው። አናቱ ላይ የተደረደረው ጥቁር ድንጋይ ከምድር ውስጥ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። ከሥሩ ያለው ነጣ ያለው የኖራ ድንጋይ፣ ለሲሚንቶ የሚፈለገው ዓይነት፣ ይህ አገር ባሕር በነበረበት ዘመን የተነጠፈ ነው፤ ወደ ታች ስትጠጊ ደግሞ ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ዓባይ ይህን ሁሉ ቆርጦ የወረደው ውኃ ብቻውን ሆኖ እንዳይመስልሽ፤ በክረምት የሚሸከመው አፈርና ድንጋይ ነው እንደ ሞረድ የሚሞርደው። ክረምት ላይ ቡና መስሎ ሲያልፍ ካየሽው የተራሮቻችን አፈር መሆኑን እወቂ፤ እኔ ባየሁት ቁጥር አዝናለሁ።

ታች ስትደርሺ መስኮቱን ክፈቺ፤ ደጋው ላይ የለበስሽው ሹራብ ሁሉ ይከብድሻል። ሁለት ድልድዮች ታያለሽ፤ አሮጌው፣ እንዲሁም በ2000 ዓ.ም. መጨረሻ በጃፓን ድጋፍ ተሠርቶ የተመረቀው፣ በወፋፍራም ገመዶች የተወጠረው የሕዳሴ ድልድይ። ጥበቃዎቹን ሳታስፈቅጂ ፎቶ አታንሺ። እኔ ሁልጊዜ ዓይኔ የሚሄደው ወደ አሮጌው ነው፤ አባቴ ሲሻገር የነበረው በእርሱ ላይ ነውና።

ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው፤ ሞተሩ እንዳይግል ውኃውን እዪ፣ ከኋላሽ የሚመጣውንም ከባድ መኪና አሳልፊ። ደጀን ስትወጪ ነፋሱ ይቀዘቅዛል፤ ወደ ደብረ ማርቆስ ስትቀጥዪ ደግሞ ሰማዩ ከጠራ ጮቄ ተራራ በስተቀኝሽ ይታይሻል። ደጀን ላይ ግን መኪናውን አቁሚና ደውዪልኝ። ስልኩን ከእጄ አላወርደውም፤ ዓባይ ምን መስሎ እንደጠበቀሽ ከአንቺ አፍ ልስማ።

የሚወድሽ አባትሽ