ቀኑን አስቀድማችሁ ንገሩን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የምጽፍላችሁ ከኮሎራዶ፣ ከኦሮራ ከተማ ነው። የአገር ቤት በዓላትን ቀን አስቀድማችሁ እንድታወጡልን ልጠይቃችሁ ነው፤ ነገሩን ግን ከዚህ ልጀምር። እዚህ ያለን ሐበሾች ብዙ ነን። ትምህርት ሲዘጋ ግን ልጆቻችንን ይዘን ወይ ቬጋስ ወይ ዲሲ እንሄዳለን እንጂ እዚሁ አፍንጫችን ሥር ያሉትን የገጠር ከተሞች ዞር ብለን አናይም። እኔ የጭነት መኪና ሾፌር ነኝ፤ በሀይዌይ 70 ስመላለስ ከነዚህ ከተሞች ጋር ተዋውቄያለሁ፣ ወድጃቸዋለሁም።

ዲር ትሬልን ውሰዱ። ነዋሪዋ አንድ ሺህ ገደማ ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1869 የአካባቢው ከብት ጠባቂዎች እዚያ ተገናኝተው ያልተገራ ፈረስ በመጋለብ ተፎካከሩ። ያሸነፈው ኤምልኒ ጋርደንሻየር የሚባል እንግሊዛዊ ነው፤ ፈረሱ ላይ 15 ደቂቃ ቆየ ይባላል፣ ሽልማቱም አንድ ሙሉ ልብስ ነበር። ዛሬ 8 ሰከንድ የቆየ ጀግና ነው! ከተማዋ የዓለም የመጀመሪያው ሮዲዮ፣ ማለትም የከብት ጠባቂዎች የግልቢያ ውድድር፣ የኔ ነው ትላለች። የቴክሳሷ ፒኮስና የአሪዞናዋ ፕሬስኮት ደግሞ የለም፣ እኛ ነን ባይ ናቸው።

ለልጆቼ አስቀድሜ የምነግራቸው ግን ስለ ቢል ፒኬት ነው። የቴክሳስ ልጅ፣ ጥቁር ካውቦይ ነው። ከፈረስ ላይ ዘሎ ወይፈን በቀንዱ ይዞ መጣልን የሮዲዮ ጨዋታ ያደረገው እሱ ነው። በስሙ የሚጠራው የጥቁሮች ሮዲዮም የተጀመረው እዚሁ ዴንቨር፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ነው። ልጆቻችን ይህን ማወቅ አለባቸው።

ባለፈው ጁላይ ከነቤተሰቤ ወደ ምሥራቅ ወጥተን አንዲት ትንሽ ከተማ ሮዲዮ ላይ ዋልን። የበሬ ግልቢያው መቼም ልብ ያንጠለጥላል። ነጥቡ ከ100 ነው፤ ግማሹ ለጋላቢው፣ ግማሹ ለበሬው። ጥጃ በገመድ አጥምዶ መጣሉን አልወደድኩትም፤ ገመዱ አንገቱ ላይ ሲጠብቅ ፊቴን አዞርኩ። ከዚያ ሕፃናቱ በግ ሊጋልቡ ገቡ። አንድ የአምስት ዓመት ልጅ ሄልሜት አጥልቆ፣ በጉ ጀርባ ላይ በሆዱ ተለጥፎ፣ ፀጉሩን ጨምድዶ ይዞ ትንሽ እንደሄደ ዱብ አለ። አቧራውን አራግፎ ሲነሳ ማይክ የያዘው ሰውዬ የአያቱን ስም ጠርቶ «እሳቸውም እዚሁ ነው የወደቁት» አለው። ሜዳው በጭብጨባ ተናጋ።

ከሜዳው ጀርባ ደግሞ ድንኳን ተጥሎ የድሮ ተማሪዎች ተሰብስበዋል። ትምህርት ቤቱ በዓመት የሚያስመርቀው ጥቂት ልጆች ስለሆነ የሁሉም ዓመት ተመራቂ አንድ ላይ ነው የሚገናኘው፤ ሽማግሌውም ጎረምሳውም አንድ ጠረጴዛ ከቦ ፎቶ ያገላብጣል። ከካሊፎርኒያ በየዓመቱ የሚመጡ አንዲት እናት አጠገቤ ነበሩ። ማን ጠርቷቸው እንደሚመጡ ብጠይቃቸው «ማንም አይጠራኝም፤ ቀኑን አውቀዋለሁ፣ እመጣለሁ» አሉኝ።

እኔን ያስጻፈኝ ይሄ ነው። እኛም እኮ አለን። እኔ የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ እንጅባራ ላይ የአዊ ፈረሰኞች በየዓመቱ ጥር 23 ይወጣሉ። ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ፣ የዓድዋ አርበኞችና የፈረሶቻቸው መታሰቢያ ነው። ጉግሱ፣ ግልቢያው፣ ያጌጠው ፈረስ፣ ከየወረዳው የሚተመው ሕዝብ፣ ምን ልበላችሁ! ከውጭ የምንመጣው ግን ለገናና ለጥምቀት ገብተን፣ ጥር 11 እንዳለፈ ሻንጣችንን ሸክፈን እንመለሳለን። አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ብንቆይ እኮ እንደርስ ነበር። ቀኑን ቲኬት ሳንቆርጥ በፊት የሚያስታውሰን ስለሌለ ነው። ሰላሙ እንደምንመኘው አለመሆኑን አውቃለሁ፤ መንገዱ ሲከፈት ግን ለመምጣት የተዘጋጀ ሰው ብዙ ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ መስከረም ላይ አንድ ገጽ ስጡልን። የየከተማውን በዓል፣ የፈረስ ጨዋታ፣ የትምህርት ቤቶችን ኢዮቤልዩ ቀን አውጡ፤ አስተባባሪው ማን እንደሆነም ጻፉ። እዚህ አገር አሠሪ ፈቃድ የሚሰጠው ከወራት በፊት ሲጠየቅ ነው። የእንጅባራውን ቀን እኔ ነግሬያችኋለሁ፤ የቀረውን አንባቢዎቻችሁ ይላኩላችሁ።

ከአክብሮት ጋር
የዳንግላው ተወላጅ፣ ከኦሮራ፣ ኮሎራዶ