ለአባዬ፦ ስለ ላክሁልዎት የናና ውሃ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? የዓይንዎ ሕክምና እንዴት ሆነ? አዲስ አበባስ ተስማማዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጅማም እንደምታውቋት ናት፤ ሌሊቱን ሲዘንብ ያድርና ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ፀሐይ ትወጣለች።

ባለፈው በስልክ «አንቺ ልጅ፣ አረቄ ማውጣት ጀመርሽ እንዴ?» ብለው የሳቁብኝን አልረሳሁም። ጥንስስ ስለሌለው አያሰክርም እንጂ አሠራሩስ ያው ነው። ትልቁ ድስት መካከል ጠፍጣፋ ድንጋይ አስቀምጬ በላዩ ባዶ ሳሕን አደርጋለሁ፤ ዙሪያውን ውሃና ናና እሞላለሁ። ክዳኑን ገልብጬ እገጥምና በረዶ እቆልልበታለሁ። እንፋሎቱ ቀዝቃዛውን ክዳን ሲነካ ተመልሶ ውሃ ይሆንና በእጀታው በኩል ጠብ ጠብ እያለ ሳሕኑ ውስጥ ይጠራቀማል። ብዙ ከቆየ የኋለኛው ውሃ የተቀቀለ ቅጠል ስለሚሸት፣ መጀመሪያ የወረደውን ብቻ ይዤ ድስቱን ከእሳት አወርዳለሁ። ጠርሙሱ ላይ ሃይድሮሶል ብዬ የጻፍሁበት ይኸው ነው።

ናናውም ለሻይ የምንቀጥፈው አይደለም፤ የእሱ ሜንቶል፣ ያ ቀዝቀዝ የሚያደርገው ነገር፣ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ይህ ፔፐርሚንት የሚባለው ነው። ከሁለት የናና ዓይነቶች የተዳቀለ በመሆኑ የሚበቅል ዘር አይሰጥም፤ የሚራባው ከነሥሩ እየተቆረጠ ነው። ከቧንቧው አጠገብ ብተክለው ወደ ጤና አዳምዎ መደብ እየገሰገሰ ስለሆነ መጥተው ይገላግሏቸው።

አሁን ወደ እርስዎ ጢም ልምጣ። ከተላጩ በኋላ የሚቀቡት አልኮል ቆዳዎን እንደሚያደርቀው ስንት ጊዜ ነግሬዎታለሁ! በእሱ ፋንታ ይህንን ይርጩበት። በትልቁ ጠርሙስ 95 ሚሊ ሊትር የናና ውሃና 5 ሚሊ ሊትር ግሊሰሪን ቀላቅያለሁ፤ ግሊሰሪኑ የቆዳውን እርጥበት ይዞ ያቆያል። መጀመሪያ ግን ክንድዎ ላይ ትንሽ ሞክረው እስከ ማግስቱ ይጠብቁ። ዓይንዎን ደግሞ አደራ፣ አሁን ከታከሙ ወዲህ ፊትዎ ላይ በቀጥታ አይርጩ፤ መዳፍዎ ላይ አድርገው ጉንጭዎን ብቻ ያብሱት።

ሲቀቡት ቀዝቀዝ ይልዎታል። ውሃው ሲተን ጥቂት ያቀዘቅዛል፤ የቀረው ግን የሜንቶል ሥራ ነው፤ ቅዝቃዜን የሚለየውን የነርቭ ተቀባይ ይቀሰቅሰዋል። ያንን ተቀባይ ዴቪድ ጁሊየስና አርደም ፓታፑቲያን በየፊናቸው ያገኙት በዚሁ በሜንቶል አማካይነት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2021 የሕክምና ኖቤል ተሸለሙ። ዕድሜዎን ሙሉ ሳይንስ ሲያስተምሩ ስለኖሩ ይህችን ይወዷታል ብዬ ነው።

ወንድሜ «የናና ዘይት ገዝቶ ሁለት ጠብታ ውሃ ውስጥ ጨምሮ መነቅነቅ አይበቃም ወይ?» ብሏል አሉ። አይበቃም። ዘይቱ በውሃ አይሟሟም፤ ተመልሶ ይንሳፈፋል። አንድ ቀን ያልተቀላቀለው ጠብታ አዲስ የተላጨ ጉንጭ ላይ ሲያርፍ ጩኸቱ እኔ ዘንድ ይሰማል። በእኔ ጠርሙስ ውስጥ ያለው ዘይት ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ0.1 በመቶ በታች የሆነ፣ ከእንፋሎቱ ጋር የወጣና ከውሃው የተዋሃደ ነው።

የመላጣዎን ነገር ጠይቀዋል። እውነቱን ልንገርዎት፣ ፀጉር አያበቅልም። እ.ኤ.አ. በ2014 በኮሪያ የታተመ አንድ ጥናት 3 በመቶ የፔፐርሚንት ዘይት የአይጦችን ፀጉር እንዳሳደገ ይናገራል። ነገር ግን እነሱ አይጦች ናቸው፤ የተቀቡትም ዘይቱን እንጂ ውሃውን አይደለም። ራስዎን ሲያሳክክዎት ግን ፋታ ይሰጥዎታል።

ለወንድሜ ባለቤት ትንሿን ጠርሙስ ይስጡልኝ። ለፀጉሯ ተልባ ቀቅላ የምታጠልለውን ዝልግልግ ካቀዘቀዘችው በኋላ ትጨምርበት፤ በትኩሱ ከሆነ ሽታው ተንኖ ያልቃል። ቅቤ ላይ ግን አትልፋ፣ ውሃና ቅቤ አይዋሃዱም። የተልባውን ቅልቅል በሳምንት ውስጥ ትጨርሰው።

ሕፃኑን ፈጽሞ እንዳይነካው! ሜንቶል አፍንጫው አካባቢ ከደረሰ ትንፋሹን ሊያውክበት ይችላል።

ሁሉም ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ። ማቆያ ስላልጨመርሁበት የእርስዎን ቅልቅል በሁለት ሳምንት ውስጥ ይጨርሱት። ከደፈረሰ፣ ክር የመሰለ ነገር ከታየበት ወይም ሽታው ከተለወጠ ይድፉት። እርስዎ ደግሞ ምንም ነገር መድፋት አይወዱም፤ ይህንን ግን ሳያንገራግሩ ይድፉልኝ፤ ናናው እንደሆነ ግቢውን ሞልቶታል።

ባዶዎቹን ጠርሙሶች አያስጥሏቸው። መርጫ ያለው ጠርሙስ ለማግኘት ሄርማታ ገበያን አካልዬዋለሁ። ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ ይዟቸው ይምጣ፤ ሲመለስ አዲስ የናና ውሃና ቡናዎን አስይዤ እልከዋለሁ።

ልጅዎ
ከጅማ