ንድፍ ከመጀመራችን በፊት ስለ ቦታችሁ ለምን እንደምንጠይቅ

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

የቤት ንድፍ ልታሠሩ ስትመጡ መሬቱ ከከተማው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ከግቢውም ምን ያህሉ በሲሚንቶ እንደሚሸፈን መጠየቅ ጀምረናል። አንዳንዶቻችሁ «ይሄ እናንተን ምን አገባችሁ?» ብላችሁናል። ተገቢ ጥያቄ ነው።

ዳር ላይ ያለ ቦታ ይረክሳል። የሚረክሰው ግን መሬቱ ብቻ ነው። ቤቶች ተራርቀው ሲሠሩ ለእያንዳንዱ ቤት የሚዘረጋው የውኃ ቧንቧ፣ የመብራት መስመርና መንገድ ይረዝማል። ነዋሪው የተበታተነ ስለሆነ አውቶቡስ ቶሎ ቶሎ ቢመላለስ አያዋጣውም። መኪና የሌለው ይቸገራል፤ ያለው ደግሞ ነዳጅ ሲያቃጥል ይውላል። በ1990 እ.ኤ.አ. ገደማ የአሜሪካዋ አትላንታና የስፔኗ ባርሴሎና የሕዝብ ብዛታቸው ተቀራራቢ ነበር። አትላንታ የተንሰራፋችበት መሬት ግን የባርሴሎናን ከ20 እጥፍ በላይ ነበር።

እኛን በሙያችን ይበልጥ የሚያሳስበን ውኃው ነው። ሣርና ዛፍ ባለበት መሬት ላይ ከሚጥለው ዝናብ ግማሽ ያህሉ ወደ አፈር ይሰርጋል፤ በላይ በላዩ የሚፈሰው 10 በመቶ አካባቢ ነው። ከሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነው መሬት በጣሪያ፣ በአስፋልትና በሲሚንቶ ሲሸፈን ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ይወርዳል። ታች ያለው ሰፈር ይጥለቀለቃል፤ የከርሰ ምድሩ ውኃ ደግሞ የሚተካው ያጣል። በግንባታ የተሸፈነ የእርሻ መሬትም በሰው ዕድሜ ተመልሶ እርሻ አይሆንም።

ዳር የሚወጣውን ሰው አንወቅስም። መሀል ከተማ ስለተወደደበት ነው የወጣው። ፎቅ መደርደር ብቻውን መፍትሔ ነውም አንልም። የዴንማርኳ ኮፐንሃገን በ1947 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ዕቅድ ግንባታው የባቡር መስመሮችን ተከትሎ እንደ እጅ ጣቶች እንዲዘረጋ፣ በጣቶቹ መሀል ያለው መሬት ክፍት እንዲሆን አደረገች። እንዲህ ያለው የከተማ አስተዳደር ሥራ ነው። የእኛ አቅም ግቢያችሁ ድረስ ነው።

ስለዚህ ቦታው ሰፊ ከሆነ ከምትጠይቁን ፎቅ የሌለው ቤት ንድፍ ጋር ያነሰ መሬት የሚይዝ የጂ ፕላስ ዋን (ከምድር ቤቱ ላይ አንድ ፎቅ ያለው) አማራጭም እናሳያችኋለን። ተጨማሪ አናስከፍልም። ደረጃ የሚከብደው ሰው በቤቱ ካለ ግን ቀድማችሁ ንገሩን፤ አማራጩን እንተወዋለን። ግቢውንም ሙሉ በሙሉ ሊሾ ከማድረግ ይልቅ ውኃ የሚያሳልፍ ጠጠር ወይም ክፍተት ያለው ንጣፍ እንመክራለን።

ለቀጠሮ ስትመጡ የቦታውን ካርታ ያዙ። ከተቻለም ዝናብ ሲጥል ውኃው ወዴት እንደሚወርድ አይታችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የንድፍ ቢሮው ባልደረቦች